የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

እናቴ ቤት ጣራው ማፍሰስ የጀመረው ባለፈው ሐምሌ ነው፣ ሳሎን መሀል ባልዲ ደቅነን ነው ክረምቱን ያሳለፍነው፣ እና ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ አንዱን መወሰን ነበረብን።

ጥገናው ርካሽ ነው፣ ያ እውነት ነው። ውሃው የሚገባው በሚስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ጣራ መቀየር ብር ማባከን ነው፤ ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል ማታ ይሰበሰባል፣ ሚስማሩም ቀስ በቀስ ይላላል፣ ስለዚህ የላላውን ነቅሎ ጎማ ባለው መተካትና ቀዳዳውን መድፈን ይበቃል። አሸንዳውም ይጠረግ፣ ቅጠል ከዘጋው ውሃው ሞልቶ ወደ ኮርኒስ ይመለሳል፣ ብዙ ሰው ጣራዬ አፈሰሰ የሚለው እሱን ነው።

ዝገት ግን ሌላ ነገር ነው። አናጢው ወጥቶ ቆርቆሮው የሚደራረብበት ጋ በጣቱ ሲጫነው ቀይ ዱቄት ሆኖ ረገፈ፣ "እማማ ይሄ ቆርቆሮ ሚስማር አይይዝም" አላት። ከስር ያለውን ሞራሌ፣ ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት፣ ደግሞ ምስጥ በልቶታል። እዚህ ደረጃ ከደረሰ መጠገን ማለት በየዓመቱ መክፈል ነው፣ የበሰበሰ ጣራ ላይ ሰው መውጣቱ ራሱ ያስፈራኛል።

የምትቀይሩ ከሆነ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረቱን ቁጥር፣ ጠይቁ በናታችሁ! ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 28 ከ32 ይወፍራል፣ ትልቁን ቁጥር የተሻለ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እንጨቱንም ሳታዩ አዲስ ቆርቆሮ አታስመቱ። እኛ የሳሎኑን ቀየርን፣ የጓዳው ደህና ስለነበር እሱን አስጠገንነው።