ቴሌግራም ቻናል ወይስ የራስ ድረ ገጽ? ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣ የጎንደር ጋዜጣ

ቴሌግራም ፈጣን ነው። ጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት ሲከበር ዘጋቢው ከስፍራው ፎቶ ይልካል፤ አንባቢውም እዚያው ይጠይቃል። ለዚህ ግን የውይይት ግሩፕ ከቻናሉ ጋር መያያዝ አለበት፤ ካልተያያዘ የአስተያየት መስጫው አይታይም። በነጻው አካውንት አንድ መልእክት ከ4,096 ፊደል፣ የፎቶ መግለጫ ደግሞ ከ1,024 አያልፍም፤ ረጅም ሐተታ ይቆራረጣል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ባለቤትነቱ ነው። ቻናሉ በአንድ ዘጋቢ ስልክ ከተከፈተ፣ ዘጋቢው ሥራ ሲለቅ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። ባለቤትነቱን ለሌላ ለማዛወር ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል) ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ሥራ ላይ መዋል ስላለበት፣ በመጨረሻዋ ዕለት መሯሯጥ አያዋጣም። ከመነሻው በጋዜጣው ስም በወጣ ሲም ካርድ ይከፈት።

ድረ ገጽ ዝግ ይላል፤ የዶሜን (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) ክፍያውም በየጊዜው ይታደሳል። ከካሜራ የወጣ 5 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ ከተጫነ በሞባይል ዳታ የሚያነበው ሰው ሳይከፈትለት ይሄዳል፤ ወደ 150 ኪሎባይት ይቀነስ። ነገር ግን የዛሬ ሦስት ዓመት ዘገባ በፍለጋ በቀላሉ የሚገኘው እዚህ ነው፤ እርማትም ከነቀኑ ከጽሑፉ ሥር ይቀመጣል።

የእኛ ምርጫ፦ ሙሉው ዘገባ በድረ ገጹ፣ የሦስት መስመር ጭብጥና ሊንክ በቴሌግራም። በጥምቀት ዕለት ብቻ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ።