ከንቅለ ተከላ በፊት ያለው ጥያቄና መልስ፦ ለብቻ ወይስ ከአስታማሚ ጋር?

ከጎንደር ተነስቶ ለልብ ወይም ለሳንባ ንቅለ ተከላ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ሥነ ልቦናውና ኑሮውም በጥያቄና መልስ ይመረመራል፤ ታዲያ ብቻውን ይግባ ወይስ ከአስታማሚው ጋር? ለምሳሌ ሲፓት የሚባለው መመዘኛ 18 መለኪያዎች አሉት፤ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና አይደለም፣ ውጤቱ ዝቅ ሲል ነው ደጉ።

ወጪ፦ ለውጥ የለውም። አስታማሚ ያው መሄዱ አይቀርም።

ገመና፦ ለብቻ ሲገቡ አረቄው፣ ጫቱ፣ ሌሊት የሚያባንነው ፍርሃት ይወጣል። ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ግን «ይጠጣሉ?» ሲባሉ አባት «ለበዓል ብቻ» ይላሉ፤ ልጅየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

መድኃኒት፦ እዚህ አስታማሚ ይበልጣል። ሰውነት አዲሱን አካል እንዳይገፋ ክኒኑ ዕድሜ ልክ በሰዓቱ ይዋጣል። «ደህና እውጣለሁ» ለሚል ባል «ትራስህ ሥር ያገኘኋትስ?» የምትል ሚስት ለሐኪሙ ወርቅ ናት።

ቋንቋ፦ ዘመድ ሲያስተረጉም «ሞት» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ትቀራለች። ባዳ አስተርጓሚ ይጠየቅ።

ሱስ ወይም ጭንቀት የደበቀ መጀመሪያ ብቻውን ይግባ። ክኒን የሚዘነጋ፣ ወይም ቤቱ ማን እንደሚያስታምመው ገና ያልተስማማ፣ አስታማሚውን ይዞ ይግባ። እኔ ብሆን ግማሹን ብቻዬን፣ ግማሹን ከእህቴ ጋር እል ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም እንዲያ ቢሏቸው እሺ ይላሉ።