«ላይፍታይም ኦፊስ» ተብሎ የሚሸጠውን አካውንት እንዳትገዙ

ቴሌግራም ላይ «ማይክሮሶፍት 365፣ ላይፍታይም፣ ለ5 መሣሪያ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን አትግዙ። ወርድንና ኤክሴልን የያዘው ማይክሮሶፍት 365 በየወሩ ወይም በየዓመቱ ክፍያው የሚታደስ አገልግሎት ነው፤ የዕድሜ ልክ የሚባል የለውም። አንዴ ተከፍሎበት የሚያበቃው ኦፊስ 2024ን የመሰለው ነው፤ እሱም ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ።

ሻጩ የሚልክላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ለራሱ ሰዎች ባወጣው ፈቃድ ሥር የተከፈተ የተጠቃሚ ስምና ጊዜያዊ ፓስወርድ ነው። ፈቃዱ ለዚያ ተቋም አባላት የተሰጠ ስለሆነ ሻጩ ለእናንተ የማስተላለፍ መብት የለውም። ፓስወርዱን ስለቀየራችሁ አካውንቱ የእናንተ የሆነ ይመስላል። አድሚኑ፣ ማለትም የተቋሙን አካውንቶች የሚያስተዳድረው ሰው፣ ግን መልሶ ሊቀይረው፣ ፈቃዱን ሊያነሳ፣ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ያስቀመጣችሁትን ከፍቶ ሊያይ ይችላል። የፓስፖርት ቅጂ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው፤ ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን ይሄ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ ስክሪንሾትም ዛሬ መሥራቱን እንጂ ነገ አለመዘጋቱን አያረጋግጥም።

ፈቃዱ ሲነሳ ወርድና ኤክሴል ከላይ «አንላይሰንስድ ፕሮዳክት» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንበብና ማተም እንጂ ማረም አይቻልም። አካውንቱ ጭራሹን ከተሰረዘ የዋንድራይቩ ፋይል በተለመደው አሠራር ለ30 ቀን ይቆያል፤ እሱንም ማግኘት የሚችለው አድሚኑ ነው።

የገዛችሁ ካላችሁ ወርድ ውስጥ «ፋይል» ቀጥሎ «አካውንት» በሉ። የሚታየው ኢሜይል «ኦንማይክሮሶፍት ዶት ኮም» ብሎ የሚያልቅ ወይም የማታውቁት ተቋም ከሆነ ፋይላችሁን ዛሬውኑ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ መገልበጡ ይቅደም። ከዚያ ከኦፊስ ሳይን አውት አድርጉ። ቀጥሎ የዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ «አካውንትስ»፣ «አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል» ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱ እዚያ ካለ «ዲስኮኔክት» በሉት። አካውንቱ እዚያ የሚገባው ብዙ ጊዜ ኦፊስ መጀመሪያ ሲከፈት ድርጅቱ መሣሪያውን እንዲያስተዳድር የሚጠይቀው ሳጥን ምልክቱ ሳይነሳ «ኦኬ» ስለሚባል ነው። ያኔ ላፕቶፑ ራሱ በማታውቁት ሰው ቁጥጥር ሥር ሊወድቅ ይችላል።

«አንቲቫይረሱን አጥፉት» የሚል አክቲቬተርም (ኦፊስን ያለ ፈቃድ የሚያሠራ ፕሮግራም) አትጫኑ፤ ፓስወርድ የሚሰርቁ ቫይረሶች በብዛት የሚገቡት በዚህ በር ነው።

ተማሪ ከሆናችሁ ዩኒቨርሲቲያችሁ በራሱ ኢሜይል ኦፊስ ይሰጥ እንደሆነ አይሲቲ ክፍሉን ጠይቁ። ካልሆነ በብሮውዘር የሚከፈተው ኦፊስ ከ5 ጊጋባይት ማስቀመጫ ጋር ነፃ ነው። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነፃው ላይብሬኦፊስ ይሻላል፤ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ ሰንጠረዥ የበዛበትን ግን ከማተማችሁ በፊት ገጽ በገጽ እዩት።