ውስጡን ለቄስ፦ ከፍላይ ቤቢ ጋር ያሳለፍኳቸው አሥራ አራት ወራት

ፍላይ ቤቢ የተባለችውን ባለ አንድ መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ከገዛኋት አሥራ አራት ወር ሞላኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የበረርኩባት ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ወራት የግራ ክንፏ እዚህ ሲያትል አጠገብ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ተገላልጦ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በክንፍ የታችኛው ጨርቅ ላይ ስለሚከፈቱ፣ እርሳስ ብቻ ስለሚያስገቡ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች።

አውሮፕላኗን ለማያውቃት አንባቢ፣ ንድፏን ያወጣው የቦይንግ መሐንዲስና የአቪዬሽን ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ፒት ባወርስ ነው። የመጀመሪያዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በረረች፤ በ1962 ደግሞ በአሜሪካ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር ያዘጋጀውን የንድፍ ውድድር አሸነፈች። ተራ ሰው በቤቱ ሊሠራት እንዲችል አጥንቷ እንጨትና ኮምፔንሳቶ፣ ቆዳዋ ጨርቅ ነው፤ ክንፎቿም ወደ ኋላ ታጥፈው በመኪና ተጎትታ ቤት ትገባለች። ባለ 85 የፈረስ ጉልበት ኮንቲኔንታል ሞተሯ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሬ ሳስነሳው አንድም ቀን አላስቸገረኝም፤ አየር ላይም ጠባይዋ የታረመ ነው።

ልገዛት በሄድኩበት ቀን ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። ሻጩ ጨርቋ በሙሉ በቅርቡ እንደ አዲስ መቀባቱን ደጋግሞ ነገረኝ፤ እኔም ያን ያህል ያማረ ነገር ውስጡን ለመፈተሽ ብሎ በወስፌ መውጋት ነውር መስሎኝ እጄን ኪሴ ውስጥ እንዳደረግሁ ተመለስኩ። በስድስተኛው ወር፣ ሁለት ቀን ሳያባራ ከዘነበ በኋላ፣ ክንፎቿን አጥፌ ወደ ቤት ልወስዳት ስል የግራውን ክንፍ ባዘነበልኩት ቁጥር ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማሁ። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፉ፣ ዓመታዊ ፍተሻዋንም የሚፈርሙልኝ አንድ ጋሼ መጥተው ክንፉን ከጫፍ እስከ ሥር፣ ከአካሏ ጋር እስከሚያያዝበት ድረስ፣ በጣታቸው አንኳኩት። ድምፁ መሃሉ ላይ ጥርት ያለ ነበር፤ ወደ ሥሩ ሲጠጋ ግን ታፈነ። «ልጄ፣ ጨርቁን ቅደደው» አሉኝ። ቀደድኩት። ወስፌው ክንፉ ከአካሏ ጋር ከሚያያዝበት ብረት ሥር፣ በኋለኛው ስፓር (ክንፉን በርዝመቱ በሚሸከመው ዋና እንጨት) በኩል ያለ ምንም ትግል ገብቶ በወዲያኛው ጎን ወጣ።

ውሃው እዚያ የተሰበሰበው በአጋጣሚ አይደለም። ሦስተኛው ጎማ ጭራዋ ሥር ስለሆነ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀናል፤ የክንፎቿ ጫፎችም ከሥራቸው ከፍ ያሉ ናቸው። በየትኛውም ስፌት ሰርጎ የገባ ውሃ ታዲያ ወደ ኋላና ወደ ውስጥ ይወርድና በክንፉ ሥር፣ በኋላው ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህም ነው ሠሪዎቿ በታችኛው ጨርቅ ላይ፣ በክንፉ ጎድን አጥንቶች መካከል፣ በኋላው ጠርዝ በኩል ቀዳዳ የሚከፍቱት። ቀለሟን ያደሰው ሰው ግን ልስላሴ ፈልጎ ሁሉንም ደፈናቸው። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ፈንገስ ይበቅልበታል፤ እኔ ያየሁት መበስበስ ደግሞ የአንድ ክረምት ሥራ አልነበረም።

ነገ አንድ አሻሻጭ ለሌላ ገዢ «ጨርቁ ፖሊስተር ነው፣ አይበሰብስም፣ ለረጅም ዓመታት መክፈት አያስፈልግህም» እንደሚል አውቃለሁ። ፖሊስተር እንደማይበሰብስ አልክድም፤ የምፈራውም ይህንኑ ነው። የድሮው የጥጥ ጨርቅ በየጥቂት ዓመቱ እየነተበ ባለቤቱ ክንፉን ከፍቶ እንጨቱን እንዲያይ ያስገድደው ነበር። ፖሊስተር ያንን ግዴታ አስቀረው፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን ያው የጥንቱ እንጨት ነው። «ሃንጋር ውስጥ ነው የኖረችው» ለሚለውም መልስ አለኝ፤ ቀዳዳዋ የተደፈነባትን አውሮፕላን በውሃ ጎማ እያጠቡ ጣሪያ ሥር ማቆም አያድናትም። ከዚህ ሁሉ በላይ መቀመጫዋ አንድ ነው። አስተማሪ ወይም ልምድ ያለው ሰው አጠገብ አስቀምጦ መሞከር አይቻልም፤ ገዢው ከመብረሩ በፊት ያላየውን አየር ላይ ማንም አያይለትም።

በእድሳቱ ላይ ያጠፋሁት ጊዜ አይቆጨኝም። ስፓሩ መሃል ላይ ቢበሰብስ ኖሮ የተጎዳውን ቆርጦ፣ የውፍረቱን 12 እጥፍ በሚረዝም ሰያፍ አዲስ እንጨት መቀጠል ይቻል ነበር፤ ከክንፍ ማያያዣ ብረት ሥር ግን ቅጥያ እንዲያርፍ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር የጥገና መመሪያ አይፈቅድም። ስለዚህ ስፓሩን በሙሉ ለወጥኩት። ሲትካ ስፕሩስ የሚባለውን የዛፍ ዓይነት ሳንቃ ስንመርጥ፣ የእንጨቱ የጭረት መስመር በ15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ማዘንበል ስለሌለበት፣ ጋሼ ሦስት ሳንቃ መልሰው አራተኛውን ተቀበሉ። ኢፖክሲ በሚባለው ማጣበቂያ ተጣብቆ፣ ቨርኒሽ ለብሶ ከደረቀ በኋላ ጨርቁን ዘርግቼ በካውያ ወጠርኩት፤ መጀመሪያ በ121፣ በመጨረሻም በ177 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ። ፖሊስተሩ በካውያው ሥር እየተሰበሰበ እንደ ከበሮ ሲወጠር ማየት በእነዚያ ወራት ካገኘሁት ደስታ ሁሉ ይበልጥብኛል። የቀኙንም ክንፍ ከፈትኩት፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ነበር፣ እንጨቱ ግን ጤነኛ ነው።

ለእድሳቱ ያወጣሁት ገንዘብ የመግዣዋን ሲሶ ያህላል። ቢሆንም ዛሬም ብትሸጥልኝ እገዛታለሁ፤ ጨርቋን ገልጬ ሳላይ ግን አንድ ሳንቲም አልከፍልም። ያ ሻጭ ስለ ቀለሙ ያወራበትን ጊዜ ግማሹን ስለ ቀዳዳዎቹ አውርቶልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ስድስት ወር ሙሉ በበሰበሰ ስፓር ላይ ተቀምጬ ባልበረርኩ ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያስቆጣኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከበረራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ሃንጋር አስገብቻት ፊቴን ስጠራርግ፣ ከግራ ክንፏ ሥር በሲሚንቶው ወለል ላይ ጠብታዎች በጎድኖቹ ልክ ተራርቀው ተሰልፈው አየሁ። አንዱ ቦታ ብቻ ደረቅ ነበር። ወስፌዬን አምጥቼ ቀዳዳውን ጠረግኩት፤ ውሃውም ወረደ።