በደሴ ጀርመኒየም ዳዮድ የምትገዙ ተጠንቀቁ፦ የአስር ከፍዬ አንድ ብቻ አገኘሁ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ሰኞ ማታ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ እንደተመለስኩ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው። የሬዲዮና የስልክ መለዋወጫ ሱቅ ደጅ የምትመላለሱ ሰዎች የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ፤ «ኦርጅናል ነው»፣ «ላንተ ስል ነው»፣ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚለውን ንግግር ሁላችንም ሰምተነዋል። እኔም ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እያወቅኩ መታለሌ ነው።

የማስተምራቸው 24 ተማሪዎች ባትሪ የማይፈልግ ሬዲዮ ለመሥራት ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥተው 1,200 ብር ሰጡኝ። ኮይሉን፣ ተለዋዋጭ ካፓሲተሩን፣ የአንቴና ሽቦውንና ማዳመጫውን ከአሮጌ ዕቃ አሟልተን ነበር፤ የቀረን ከሬዲዮ ሞገዱ ውስጥ ድምፁን ለይቶ የሚያወጣው ትንሽ ክፍል፣ ዳዮዱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የግድ ጀርመኒየም ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራ እንጂ እንደ ተራዎቹ ዳዮዶች የሲልከን መሆን የለበትም። አንቴናው ከአየር የሚለቅመው ኃይል እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በ0.2 ወይም በ0.3 ቮልት ማስተላለፍ የሚጀምር ጀርመኒየም ድምፁን ሲያወጣው፣ እስከ 0.6 ቮልት ድረስ የሚጠብቅ ሲልከን ግን ከነጭራሹ አይነቃም። ዋን ኤን 34 የተባለውን ጀርመኒየም ዳዮድ ሲልቫኒያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በየሱቁ የማይገኝ ዕቃ ስለሆነ፣ የደሴው ሻጭ አንዱን 120 ብር ሲለኝ በዋጋው አልተከራከርኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻጩ ከመሳቢያው ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አውጥቶ አንድ ዳዮድ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ወደ አምፖሉ አቅርቤ አየሁት። መስታወቱ ጥርት ያለ፣ ርዝመቱ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ታጥፋ፣ ጫፏ ክሪስታሉን ነክታ ትታያለች። በራሱ ቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለካልኝ፤ 0.29 ቮልት አነበበ። እንዲህ ያለ ዕቃ ለዓመታት ፈልጌ ስላጣሁ ልቤ በደስታ ተሞላ። «ሌሎቹንም እንለካቸው» ስለው «አብሽር መምህሬ፣ ሁሉም ከአንድ ሣጥን ናቸው» አለኝ። ወሎ ላደገ ሰው አብሽር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። በእኛ ዘንድ አብሽር ያለህን ሰው መልሰህ አትጠረጥረውም።

የሐይቅ መኪና እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን አየሁ። ሰዓቴን ባየሁባት በዚያች ቅጽበት ሣጥኑን ይዞ ወደ መደርደሪያው ዞረ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲቆጥር አየሁ፣ እጁን ግን አላየሁም። ሲመለስ በጋዜጣ ቁራጭ ላይ የተደረደሩትን ለአፍታ አሳየኝ፤ ያች የለካናት ዳዮድ ከላይ ተቀምጣለች። ወዲያው ጠቅልሎ በፕላስተር አሸገው። እጄን ዘርግቼ «አንድ ጊዜ ቆይ» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ከዓይኔ ያልጠፋችው ይህች ቅጽበት ናት።

እሑድ ማታ ጥቅሉን ፈታሁ። ማታውን የመረጥኩት መካከለኛ ሞገድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው። የመጀመሪያዋን ዳዮድ ሳስገባ ደካማ ቢሆንም የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛውን ሳስገባ ምንም የለም። ሦስተኛውም እንዲሁ። አንቴናው የተበጠሰ መስሎኝ በጨለማ ወጥቼ 30 ሜትሩን ሽቦ በእጄ እየዳበስኩ ፈተሽኩት፤ ደኅና ነበር። ተመልሼ ዘጠኙን በቴስተር ስለካ ሁሉም ከ0.6 በላይ አነበቡ። በባትሪ መብራት ሳያቸው ደግሞ አጠር ያሉ፣ ብርቱካንማ መስታወት ያላቸው፣ ጫፋቸው ላይ ጥቁር ቀለበት የተቀባ ሆነው አገኘኋቸው። በየትኛውም የተሰበረ ቻርጀር ውስጥ የሚገኝ ተራ ሲልከን ነው።

ዛሬ ክፍለ ጊዜዬን እንደጨረስኩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ዘጠኙን በጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ቆጥረህ ነው የተረከብከው» አለ። ቅዳሜ መምህሬ ሲለኝ የነበረው ሰው ዛሬ ስሜም ማዕረጌም ጠፋበት። ቴስተሩን እንዲያወጣና ፊት ለፊቴ እንዲለካ ስጠይቀው «ደረሰኝህ የታለ?» አለኝ፤ ደረሰኝ እንዳልሰጠኝ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አጠገቡ የቆመው ልጅ «ስልክህ ላይ ሬዲዮ አለልህ አይደል፣ ምን ያደክምሃል?» ብሎ ሲስቅ፣ ሌሎቹ ደንበኞችም አብረው ሳቁ። 24 ልጆች ከምሳቸው የቀነሱትን ብር እያሰብኩ ዳዮዶቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ወጣሁ።

ገንዘቡን ከደመወዜ እተካለሁ። ለልጆቹ ረቡዕ ሊደርስ የነበረውን ዕቃ ግን በገንዘብ ብቻ አልተካውም።

ጀርመኒየም ዳዮድ የምትገዙ የራሳችሁን ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱን ለክታችሁ በእጃችሁ ያዙት፣ ደረሰኝም ሳትቀበሉ አትክፈሉ። የማይሠራ አሮጌ ትራንዚስተር ሬዲዮ በቤታችሁ ያላችሁ የሐይቅ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ አትጣሉት፤ ውስጡ ለእኛ የሚሆን ጀርመኒየም ዳዮድ ሊኖር ይችላል። ዘጠኝ ይጎድለናል።