«ቅርፊቱን አሳዪኝ»

አማቴ ዓሣ ይወዳሉ። አምባዛ ግን አይነኩም፤ ቅርፊት የለውማ። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ዓሣ ቤት ስንሄድ መጀመሪያ ክርክር ነው፣ ምሳው በኋላ ይደርሳል። በጾም ደግሞ ጭራሽ ዓሣ አይበሉም። ያ ሌላ ክርክር ስለሆነ ሃምሳው ሳይወጣ አንድ ረቡዕ ጠብቄ፣ እዚሁ ሐዋሳ እኛ ሰፈር ወዳለችው ትንሽ ዓሣ ቤት ወሰድኳቸው።

በሯ ላይ ስም የላትም። አምስት ጠረጴዛ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን። በጾም ወንበር አይገኝም። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ሥጋ ቤት ስለነበር ከእኛ ሌላ ሁለት የባጃጅ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ጉላሽ ላዝ ስል አማቴ አቋረጡኝ። «ተከትፎ ድስት የገባ ነገር ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» እውነት አላቸው። ከሐይቃችን ባለ ቅርፊቱ ቆሮሶም አምባዛም ይወጣል። ጉላሽና ዱለት ከሆኑ በኋላ ማን ይለያቸዋል? ባለቤቷ ሰምታ ኖሮ አልተቀየመችም። «እማማ፣ ይምጡ ይዩ» ብላ ጓዳ ይዛቸው ገባች። ሲመለሱ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። «የጠዋት ነው» አሉኝ፣ መረብ ሲጎተት አብረው የነበሩ ይመስል። ቢሆንም ለራሳቸው ጥብስ አዘዙ፤ ጭንቅላቱ ያለበትን።

ጥብሱ ነው የዚህ ቤት ነገር። ቆሮሶው ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ በደንብ ቆይቶ ይወጣል። ክንፉና ጭራው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ግን ነጭ፣ እርጥብ፣ በጣት የሚላቀቅ። ሎሚ ጨመቅ፣ ከዚያ ዳጣ። ዳጣዋን ራሷ ነው የምታዘጋጃት፤ አረንጓዴ፣ ነጭ ሽንኩርቷ የበዛ፣ ዓይን የምታስለቅስ። ዳቦ ያመጡልሃል፣ እኔ ግን እንጀራ ጠይቁ እላለሁ። ከአጥንቱ ጋር የሚታገል ሰው አንድ እጁን ለዳቦ ማዋል አይችልም። ዓሣው ግን ትንሽ ነው። ድሮ ጭራው ከሳህን ይወጣ ነበር፤ አሁን ከነጭራው ሳህኑ ውስጥ ይተኛል። ይሄ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያም ብትወርዱ ያው ነው።

ሾርባው በብርጭቆ ይመጣል፣ ትኩስና ቃሪያ ያለው። ኮተሌቱን ሌላ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ እለፉት።

ቅሬታዬ ሰዓቱ ነው። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ሰው ባለበት ቤት 50 ደቂቃ ጠበቅን። «ደረሰ» የሚሉት ገና ዘይቱ ሳይግል ነው። ደግሞ ከሰባት ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ቆሮሶው አልቆ ጉላሽ ብቻ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እንደ አማቴ ያለ ሰው ይዛችሁ ከሆነ በስድስት ሰዓት ድረሱ።

ለጥብሱ፣ ለጉላሹ፣ ለሁለት ሾርባና ለውሃ 900 ብር ከፈልኩ። ጉላሼን ገና አጋምሼው ነበር ለሒሳብ የተነሳሁት። ስመለስ ድስቱ በእንጀራ ተጠርጎ ያበራል። አማቴ ጀሪካኑ ጋ እጃቸውን እየታጠቡ ነው፣ ወደ እኔም አያዩም።