ዲዲሬስኪውን ለወራት ተጠቅሜበት፦ የተመሰጠረ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ

ከተበላሸ ዲስክ ዳታ የሚገለብጠው ፕሮግራም፣ ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው፣ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ፋይል እየለየ አይፈልግም፣ ዲስኩ መመስጠሩንም አያውቅም። ለወራት ከሠራሁበት በኋላ ከሁሉ የወደድኩለት ይህንኑ ነው። ሥራው ከተጎዳው ዲስክ ላይ የሚነበበውን ሁሉ ሴክተር በሴክተር (ዲስኩ በተከፋፈለባቸው ትናንሽ ቁራጮች) ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ብቻ ነው። ምስጠራው የሚፈታው ከዚያ በኋላ፣ ግልባጩ ላይ ነው። የጠፋ ፋይል እንመልሳለን የሚሉት ፕሮግራሞች በቀጥታ የተመሰጠረ ዲስክ ላይ ቢለቀቁ ትርጉም የለሽ ባይት እንጂ ፎቶም ሰነድም አያገኙም፤ የታመመውን ዲስክ የበለጠ ማድከም ነው ትርፉ።

የእኔ ባለ 2 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ሲሆን ፓርቲሽኑ በሙሉ ቬራክሪፕት በሚባለው የምስጠራ ፕሮግራም የተመሰጠረ ነው። ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት የሚሰጠው ስማርት ሪፖርት ላይ ለማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ በኋላም ፓስወርዱን አልቀበልም አለ። ቬራክሪፕት ፓስወርድ ሲሳሳትም ሄደሩ (ቁልፉን የያዘው መነሻ ክፍል) ሲበላሽም የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ለምስጠራ ያስፈልጋል፣ ይገባኛል፤ ለተጨነቀ ሰው ግን ክፉ መልስ ነው።

ዲዲሬስኪው መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ያስቸገረውን ዘሎ ያልፋል። እዚህ ድረስ ፈጣን ነው። ከዚያ ወደ ዘለላቸው ቦታዎች ሲመለስ ፍጥነቱ ከሜጋባይት ወደ ጥቂት ኪሎባይት ይወርዳል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የቀሪ ጊዜ ግምትም ከደቂቃ ወደ ቀናት ይዘላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። አትመኑት። የትኛው ቦታ እንደተነበበና የትኛው እንደቀረ ማፕ ፋይሉ ላይ ስለሚጽፍ ግን አቁሞ፣ ዲስኩን አሳርፎ፣ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ማፕ ፋይል ሳይሰጡት የሚያስጀምሩ ሰዎች ግማሹን ጥቅም ጥለውታል።

አሁን ወደ ሄደሩ። ዳታውን የሚፈታው ዋና ቁልፍ ያለው ቮልዩሙ (የተመሰጠረው ክፍል) መጀመሪያ ላይ ባለው ሄደር ውስጥ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ትክክለኛው ፓስወርድም አይረዳም። ደግነቱ ቬራክሪፕት ሁለተኛ ቅጂ በቮልዩሙ የመጨረሻ 128 ኪሎባይት ውስጥ ያስቀምጣል። ግልባጩን ስከፍት ቮልዩሙ ውስጥ ያለውን ባክአፕ ሄደር ተጠቀም የሚለውን ምርጫ ምልክት አደረግኩ፣ ያው ፓስወርድ ሠራ። ቅጂው የሚፈለገው ከጫፍ ተቆጥሮ ስለሆነ ግልባጩ እስከ ፓርቲሽኑ መጨረሻ መድረስ አለበት። ዲዲሬስኪው ከኋላ ወደ ፊት የሚያነብበት ምርጫ አለው፤ የዲስኩ መነሻ ክፉኛ ከተጎዳ በዚያ ይጀመር።

ሁሉም ምስጠራ እንዲህ አይደለም። የሊኑክሱ ሉክስ የቁልፎቹን ክፍል ሁለተኛ ቅጂ ዲስኩ ላይ አያኖርም፤ ቀድሞ የተወሰደ የሄደር ባክአፕ ከሌለ አለቀ። የዊንዶውሱ ቢትሎከር ደግሞ ሜታዳታውን (ለመፍታት የሚያስፈልገውን መረጃ) በሦስት ቦታ ይይዛል፣ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ ያስቀመጠ ሰው ተስፋ አለው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ በዩኤስቢ ሰርኪዩቱ በኩል የሚመሰጥሩ አንዳንድ ውጫዊ ዲስኮች ናቸው። ፓስወርድ ባይደረግባቸውም ይመሰጥራሉ፤ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኬዝ ውስጥ የከተተ ሰው፣ የሚፈታው ሰርኪዩት ስለቀረ፣ ባዶ እንደሆነ ያስባል።

አንድ ሴክተር መጥፋቱ ጎረቤቱን አይጎዳም፤ ኤክስቲኤስ የሚባለው የምስጠራ ዘዴ እያንዳንዱን 512 ባይት ለብቻው ነው የሚመሰጥረው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መድረሻው ቀድሞ ባዶ ከነበረ ዲዲሬስኪው ያላነበበው ቦታ ግልባጩ ላይ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፣ ሲፈታ ግን ያ ዜሮ የተዘበራረቀ ባይት ይሆናል። ስለዚህ የተጎዳውን ፋይል በባዶ ቦታው መለየት አይቻልም። እኔ ከማፕ ፋይሉ አድራሻዎች ላይ 131072 ባይት፣ ማለትም የሄደሩን ቦታ፣ እየቀነስኩ የትኛው ፋይል ላይ እንዳረፉ ፈለግኩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያዋጣል።

የማልወድለት፦ ሁሉም በተርሚናል ነው፣ ምንጭና መድረሻ ከተገላበጡ ደግሞ አይምርም። መድረሻው ከታመመው ዲስክ ያላነሰ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከር፤ እሱ አቧራ በሌለበት ንጹሕ ክፍል ለሚከፍት ባለሙያ ነው። ባለሙያው ፓስወርድ ቢጠይቅ ግን አለመስጠት ይቻላል። ግልባጩን እንደተመሰጠረ ያስረክባል፣ ባለቤቱ ቤቱ ወስዶ ይከፍተዋል።